ጥቁር ነጠላዬን ባቱ ትቼ የመጣሁበት ጉዞ

ደብረ ብርሃን ተወልጄ፣ ደብረ ብርሃን ተድሬ፣ ደብረ ብርሃን ያረጀሁ ሴት ነኝ። ብርዱ አጥንቴን ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ፣ ተቻችለን እንኖራለን። ቆላ የሚባለውን አገር በወሬ ብቻ ነበር የማውቀው። ከተመለስኩ ወዲህ የማርያም ማኅበራችን ሴቶች «ምን አየሽ? ምን አበሉሽ?» እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጡኝ። እያንዳንዳቸው ቤት እየዞርኩ ከምለፈልፍ አንዴ ተናግሬ ልገላገል አልኩ። ፊደል አልቆጠርኩም፤ እኔ አወራለሁ፣ የጎረቤቴ ልጅ ትጽፋለች። «እትዬ የሺ፣ ይሄስ አይጻፍም» ስትለኝ «ጻፊው፣ ኃጢአቱ በእኔ» እያልኩ ነው።

የሄድኩት ለሠርግ አልነበረም። ልጄ ዳዊት አዳማ ነው የሚኖረው። ሞጆ ላይ አንድ የጭነት መኪና ድርጅት ውስጥ የስምሪት ኃላፊ ነው፤ የትኛው ሾፌር የትኛውን መኪና ይዞ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው። ከሾፌሮቹ አንዱ፣ ገመቹ የሚባል የባቱ ልጅ፣ መተሐራን አለፍ ብሎ ጎህ ሲቀድ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ሞተ። እንቅልፍ ነው የጣለው አሉ። ምራቴ ሰናይት ደወለችልኝ።

«እማማ፣ ዳዊት እህል አይቀምስም። ለቀብሩ አልሄደ፣ ለቅሶም አልደረሰ። አርባው እኮ ደረሰ! እኔን አልሰማ ብሏል፤ እርስዎ ይምጡልኝ።»

አለቃ ሆኖ የሠራተኛውን ለቅሶ አለመድረስ! እኛ አገር እንኳን የሠራተኛህን፣ ፍርድ ቤት የገተረህንም ሰው ለቅሶ ትደርሳለህ። ጥቁር ነጠላዬን ከሳጥን አወጣሁ። ይሄ ነጠላ ስንቱን ሸኝቷል መሰላችሁ፤ እኔ ብቀር እንኳ ለብቻው ለቅሶ ቤት ሳይደርስ አይቀርም።

ሐሙስ

ስነሣ ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ሹራብ ለበስኩ፣ በላዩ ካፖርት፣ በላዩ ጋቢ። ለልጄ ስንቅ አንድ ባልዲ ቅቤ ያዝኩ። የእኛን አገር ቅቤ ታውቁታላችሁ፣ ሰው ላይ ብትወረውሩት ይፈነክታል።

እስከ አዲስ አበባ ደህና ነበርን። ቃሊቲ ሚኒባስ ቀየርኩና በዚያ በፈጣን መንገድ በሚሉት ወረድን። መንገድ አይሉት ጉድ! በግ አይሻገርበት፣ በቆሎ የሚያቀርብ የለ፣ ቆሞ የሚያወራ ሰው የለ። ሰው ያልቆመበት ምኑን መንገድ ሆነ? እየወረድን ስንሄድ ሙቀቱ ከታች ተነሣ። ጋቢውን አወለቅኩ፣ ካፖርቱን አወለቅኩ፣ ሹራቡን አወለቅኩ፤ እንደ ሽንኩርት ስላጥ ረዳቱ «እማማ፣ እዚህ ላይ ቢበቃዎትስ» አለኝ።

ለካ እኔ ስላጥ ቅቤውም እየቀለጠ ኖሯል። አጠገቤ ሱፍ የለበሰ ሰውዬ ነበር፤ ድንገት እግሩን አነሣና «እማማ፣ ምንድነው ይሄ?» አለ። ሳይ ጫማው ቅቤ ጠጥቷል።

«ምንም አይደል ልጄ፤ ጫማህ ደርቆ አየሁትና አዘንኩለት።»

ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ሳቀ። አዳማ ስንደርስ ባልዲውን ራሱ ተሸክሞ ባጃጅ ውስጥ አስገባልኝ፤ ሒሳቡንም ከፍሎልኝ ሄደ። ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። የባጃጁ ልጅ «አካም ጅርቱ ሃርሜ?» አለኝ። ምን እንዳለኝ ባላውቅም «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ፤ ለካ ደህንነቴን ነው የጠየቀኝ፣ ልክ ነኝ። በደስታ መንገዱን ሁሉ በኦሮምኛ ሲያጫውተኝ፣ እኔ በአማርኛ ስመልስለት፣ ተግባብተን ደረስን።

ዳዊት በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ወገቡ አልቋል።

«ይሄ ሱሪ ያንተ ነው ወይስ የተዋስከው?» አልኩት።

ጉልበቴን ሳመ እንጂ አልሳቀም። ነገሩ ከባድ መሆኑ ያኔ ገባኝ። ይሄ ልጅ በእኔ ቀልድ ሳይስቅ የቀረው አባቱ የሞተ ዕለት ብቻ ነበር።

ዓርብ

ሌሊቱን አጎበር ውስጥ እንደ ሙሽራ ተጋርጄ አደርኩ። ሙሽራ ግን እንደዚያ አያልበውም። እኛ አገር ብርዱ ሰውን ወደ ሰው ያስጠጋል፤ አዳማ ሙቀቱ እያንዳንዱን ወደየጥጉ ያባርራል። ባልና ሚስቱ አንድ ቤት ውስጥ ሆነው፣ እሱ በረንዳ፣ እሷ ጓዳ።

ጠዋት ምስር ወጥ በላን፤ እኔ በላሁ ማለት ይሻላል። ከዚያ «እስቲ ያን ማሽንህን አሳየኝ» አልኩት። ቤተሰቡ ሁሉ ስለዚህ ኮምፒውተር ያወራል፣ እኔ ግን መልኩን አላውቀውም። እምቢ ይላል ስል ጉልበቱ ላይ ከፈተልኝ። አገሩ ሁሉ ተሥሎበታል፤ ላዩ ላይ ምስር የመሰለ ነጥብ ተበትኗል።

«እያንዳንዷ ነጥብ መኪና ናት እማዬ። ይቺ አዋሽ ጋ ናት፣ ይቺ ሚሌን አልፋለች።»

«ይቺ የቆመችውስ?»

«ሻይ ሊጠጣ ወርዶ ይሆናል።»

«እሱንም ያያል? የሰፈራችንን እትዬ ብርቄን ቀጥራችኋል እንዴ?»

ከንፈሩ ትንሽ ተነቃነቀ። ከዚያ አስረዳኝ፤ እኔም እንደገባኝ ላስረዳችሁ። እያንዳንዱ ሾፌር የራሱ ካርድ አለው። መኪናው ውስጥ ካልሰካው ሞተሩ አይነሣም። ከሰካበት ጀምሮ ማሽኑ ይቆጥራል፤ ስንት ነዳ፣ መቼ ቆመ፣ ነዳጁ የት ገባ። ጠዋት ዳዊት ሲከፍተው ከእያንዳንዱ ስም ጎን ቀለም ያያል። አረንጓዴ ከሆነ እንቅልፍ የጠገበ ሰው ነው፣ ላከው። ቀይ ከሆነ መሪ ላይ ሰንብቷል፣ አትላከው። ከዚያ የጭነቱን ጥድፊያ፣ የመኪናውን ጤና፣ የሰውየውን ቀለም አንድ ላይ ያደርግና «እከሌ ይሂድ» ብሎ ያቀርብለታል።

«ያቀርብልኛል እንጂ የምወስነው እኔ ነኝ» አለ። ይህቺን ሲናገር ድምፁ ወረደ።

ቢሆንም፣ እውነቱን ልናገር፣ ነገሩን ወደድኩት። ድሮ ጥሩ መኪናና ጥሩ መንገድ የሚያገኘው ለስምሪቱ ሰው ጫት የገዛ፣ ወይ ዘመድ የሆነ ነበር። ዘመድ የሌለው አሮጌዋን እየገፋ ይሄዳል። ማሽኑ ግን ዘመድ የለውም። ዳዊት ነው ለምኖ ያስገባው። አለቆቹም በየስብሰባው «ከእንግዲህ በግምት መወሰን ቀረ» እያሉ ያሞግሱታል።

አንድ ነገር ብቻ አልጣመኝም። ሰው ሲሞትበት ለሾፌሩ ስንት ቀን ትሰጣላችሁ ስለው፣ ሦስት ቀን አለኝ። ከዚያ ካለፈ ማሽኑ ስሙን ወደ ታች ያወርደዋል፣ መኪናዋም ለሌላ ትሰጣለች።

«ሦስት ቀን? አገሩ ሩቅ የሆነ መቼ ደርሶ መቼ ይቀብራል? ይሄን ክፉ ሕግ ማን አወጣው?»

«ሕግ ነው በቃ» አለና ዘጋው።

«ታዲያ በገመቹ ምን ሆነ?»

ኮምፒውተሩን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠው።

«ያን ቀን ገመቹ አረንጓዴ ነበር እማዬ። እረፍት ላይ ሰንብቷል ነው የሚለው። ግቢ ስገባ መኪናው ጎን ቆሞ በጀሪካን ውኃ ፊቱን ይታጠባል። ደጋግሞ ይታጠባል። ዓይኑ ቲማቲም መስሏል። ‹ደህና ነህ?› አልኩት። ‹ደህና ነኝ› አለኝ። ከዚያ…»

«ከዚያ ምን?»

«ቀለድኩበት። ‹ሚስትህ ጉያ ስትተኛ ሰንብተህ አሁንም እንቅልፍ?› አልኩት። እሱም ሳቀ። ስቆ መኪናው ላይ ወጣ።»

ልጄ ቀልዱን ከማን እንደወረሰው ታውቃላችሁ።

ሰናይት ናት የቀረውን የነገረችኝ። ቀብሩ ላይ አንዱ ትልቅ አለቃ ተነሥቶ «እኛ አላደከምነውም፤ ቤቱ እረፍት ላይ ነበር፤ ኮምፒውተራችን መዝግቦታል» ብሎ ለቤተሰቡ ተናገረ። እንግዲህ ያልደከመ ሰው መሪ ላይ ከተኛ ምን ሊባል ነው? ሰክሮ ነው ተባለ። የሞተው ልጅ አፈር ሳይደርቅ ስሙ ጠጪ ሆነ።

ቅዳሜ

ሞጆን አልፈን ነው ባቱ የሚኬደው። ዳዊት «እሺ፣ እወስድሻለሁ» ያለው ዓርብ ማታ ነው፤ ግን ጠዋት ቢሮ የሚጨርሰው ነገር ነበረውና እኔም አብሬ ወረድኩ። ሞጆ ሲደርሱ አፍንጫ ነው ቀድሞ የሚያውቀው፤ የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ይቀበላችኋል። ከወደብ የሚመጣው የጭነት ብረት ሳጥን ቤት ያህላል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተቆልሎ ሰማይ ይነካል። እኛ አገር የሚቆለለው ጭድ ነው፤ ጭድ ቢወድቅ ማንንም አይገድልም።

ለምሳ ሾፌሮቹ የሚበሉባት ዳስ ገባን። አንድ ልጅ እግር ተነሣና ወንበሩን በእጁ ጠርጎ ጥላ ሥር አስቀመጠኝ። ተስፋዬ ይባላል። ጥብስ አዘዘ፣ እጄን አስታጠበኝ፣ ለስላሳ አስከፈተልኝ። «የዳዊት እናት የእኛም እናት ናቸው» ይላል። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፣ ጢሙ አድጓል። ይሄን የመሰለ ነገር አይቼ ዝም ብል እኔ የሺ አይደለሁም።

«ማንን ነው ያጣኸው ልጄ?»

«እናቴን ነው እማማ፤ ገመቹ ሊሞት ሰሞን።»

«ነፍሷን ይማር። የት ቀበርካት?»

«ወሎ ነው፣ ገጠር፣ ከወረኢሉ ወዲያ።»

«ውይ፣ ሩቅ ነው። ሰልስቷን አውጥተህ ነው የመጣኸው?»

«ሰባቷንም አውጥቼ ነው። አንድ ነኝ ለሷ።»

«እሰይ የእናት ልጅ!» አልኩት። ከዚያ እንደ ልማዴ ዳዊትን ልነካካው ፈለግኩ። «አየህ፣ በነገር አስቀይመኸኝ ነበር። ያ ማሽንህ ለካ ደግ ነው፤ ለዚህ ልጅ ሰባት ድረስ ፈቅዶለታል።»

ተስፋዬ ለእኔ የጠቀለለው ጉርሻ እጁ ላይ ቀረ። ሌሎቹ ሾፌሮች ትሪውን ያያሉ።

ዳዊት ቀስ ብሎ «ተስፋዬ፣ አንተ እኮ ያን ሰሞን ሥራ ላይ ነበርክ» አለ። «ጋላፊ ድንበር ድረስ ሄደህ ተመልሰህ፣ እንደገና ወርደሃል። እኔ ነኝ የላክሁህ።»

ዳዊት ወደ እሱ ጎንበስ አለ።

«መኪናህን ማነው የነዳው?»

ተስፋዬ ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰው። «ካርዴን ለገመቹ ነው የሰጠሁት» አለ። «እናቴ ሞተች ሲሉኝ ሦስት ቀን አይበቃኝም፣ መኪናዋን ይወስዱብኛል ብዬ አለቀስኩበት። እሱ ያኔ እረፍት ሊወጣ ነበር። ‹ካርድህን ስጠኝ፣ ተራህን እይዝልሃለሁ፣ ሄደህ እናትህን ቅበር› አለኝ።»

እንግዲህ ወፍጮ ቤት የምናደርገውን አስቡት። አንዷ ጎረቤታችን ብትታመም ስልቻዋን ተሸክመን ሄደን፣ ተራዋን ይዘን፣ ፈጭተን እናመጣላት የለ? እነዚህም ሾፌሮች እንደዚያ ነው የሚያደርጉት። ለቅሶ የሄደ፣ ሚስቱ የወለደችለት፣ ወባ የያዘው፣ ካርዱን ለጓደኛው ትቶ ይሄዳል። ዳስ ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው ኮምፒውተሩና ልጄ ብቻ ናቸው። ገመቹ ቀን ከሌሊት በተስፋዬ ስም ሲነዳ ተስፋዬ ቀይ ሆነ፤ ገመቹ ቤቱ እንደተኛ ሰው አረንጓዴ ሆኖ ቀረ። የራሱ ተራ ሲደርስ «ደክሞኛል» ቢል የጓደኛው ጉድ ሊወጣ ነው። ስለዚህ ፊቱን ታጥቦ ሄደ።

«ለምን አልነገራችሁኝም?» አለ ዳዊት። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

አንዱ ሾፌር ነው የመለሰ፦ «ድሮ ጠዋት ጠዋት ግቢ ወርደህ ከኛ ጋር ሻይ ትጠጣ ነበር፣ ያኔ እንነግርህ ነበር። አሁን በስልክ ነው የምታዘን። ለስልክ ምን ይባላል?»

ዳዊት እጁን ሊታጠብ ተነሣ። ቧንቧው ሥር ብዙ ቆየ። ሲመለስ ተስፋዬን «ተነሥ፣ ባቱ እንሄዳለን» አለው። ተስፋዬ ተነሣ። ጥብሱ እንዳለ ቀረ፤ እኔ እንኳን፣ ሥጋ ያየች ድመት የምትሉኝ፣ አልነካሁትም።

ከሞጆ ወዲያ ምድሩ እንደ ሰፌድ ዝርግ ነው። ግራር፣ አቧራ፣ የሽንኩርት ማሳ፣ ፀሐይ ላይ የሚያብለጨልጭ የላስቲክ ቤት። መቂ ላይ ቲማቲም በሣጥን ደርድረው ይሸጣሉ። እኔ ዝም ብዬ ይህን ያህል መንገድ ሄጄ አላውቅም።

ባቱ ገብተን ወደ ሐይቁ ስንታጠፍ መኪናችን አሸዋ ውስጥ ገባች። ቢገፉ አልወጣ አለች። ጋሪ ያዝን። ሁለቱ ወንዶች ግራና ቀኝ፣ አንዱ አንዱን ላለማየት አንገታቸውን አዙረዋል፤ እኔ መሐል። ፈረሱ ከሲታ ነው፣ ዳገቷ ላይ ቢያቃስት «አይዞህ» አልኩት፣ «ከባዱ እኔ አይደለሁም።»

የገመቹ አባት ኦቦ ቱፋ በር ላይ ወጡ። ረዥም ሽማግሌ ናቸው፣ በወጣትነታቸው ዓሣ አጥማጅ ነበሩ።

«ኮቱ፣ ኮቱ፣ ግቡ። አንቺ ከየት ነሽ?»

«ከደብረ ብርሃን።»

«ያን ሁሉ ብርድ ትተሽ እኛ ጋ ለለቅሶ መጣሽ?»

አንቱ አላሉኝም፤ እዚያ አገር ብዙ ሽማግሌ እንደዚያ ነው የሚያወራ። ቅር አላት ብላችሁ እንዳታስቡ። ባሌ ከሞተ ወዲህ «አንቺ» ያለኝ ወንድ አልነበረም፤ ደስ አለኝ።

ዳዊት ቀረበና «ዳዊት እባላለሁ። ገመቹን ስምሪት የምሰጠው እኔ ነበርኩ» አላቸው።

ብዙ አዩት። «ዘገየህ» አሉት።

«አዎ።»

«ግባ።»

የገመቹ ሚስት ጫልቱ ዓሣ ጠብሳ አቀረበች። አበባ ያለው ቀይ ቀሚስ ነው የለበሰችው። ባሏ ሞቶ ገና አርባ አልሞላውም፣ ቀይ ቀሚስ! አጠገቤ የተቀመጠች ጎረቤት ጆሮዬ ሥር «አንድ ቀን አላለቀሰችም፤ ቀብሩም ላይ» አለችኝ። ይሄን እየሰማሁ ዓሣውን እንደ በግ ሥጋ ጎረስኩት። እኛ አገር አጥንት ስትግጡት ነው ጥርስ የሚጎዳው፣ የዓሣ እሾህ ግን ተደብቆ ይጠብቃችኋል። ጉሮሮዬ ላይ ተሰካ። ትንፋሽ አጠረኝ፣ ዓይኔ ፈጠጠ። ወንዶቹ ተተራመሱ። ጫልቱ ናት ብድግ ብላ እንጀራ ጠቅልላ አፌ ውስጥ የከተተችው፣ ጀርባዬን በመዳፏ እየመታች «ዋጪው! ዋጪው!» ያለችኝ። ወረደ።

«ለቅሶ ልደርስ መጥቼ ልታለቅሱልኝ ነበር» አልኩ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

እጇን ያዝኩና «እጅሽ ይባረክ ልጄ፤ የባልሽንም ነፍስ ይማርልሽ» አልኳት።

እጇን ነጠቀችኝ።

«ይማር አትበይኝ እማማ። እናንተው ናችሁ ‹ቤቱ እረፍት ላይ ነበር› ያላችሁት፣ ያ ሰውዬ በሰው ፊት ተናግሯል። ይሄ ነው ቤቱ። እዚህ አልነበረም! ደውሎ ‹ሞጆ ነኝ› አለኝ፤ ‹ሥራ ላይ ነህ?› ስለው ዝም አለ። ሌላ ሴት ጋ ነበር። የሷን ቤት ፈልጉና እዚያ አልቅሱ።»

ኦቦ ቱፋ አቀረቀሩ። ለካ ቤቱን ያሳዘነው የስካሩ ወሬ ብቻ አይደለም።

ተስፋዬ ተነሥቶ መጣና ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ተቀመጠ። «እህቴ» አለ። «ሌላ ሴት የለም። የእኔን መኪና ነበር የሚነዳው። እናቴ ሞታብኝ ተራዬን ይዞልኝ ነው። እንቅልፍ ሳይተኛ ነው በላዩ ላይ የራሱን የሄደው። አልጠጣም። የትም አልነበረም።»

ጫልቱ አየችው። «ለኔ ለምን አልነገረኝም?»

«እኔ ነኝ ‹ለሚስትህም እንዳትናገር› ያልኩት። ወሬው ቢሮ እንዳይደርስ።»

«ሰደብኩት እኮ» አለች፤ ለእሱ አይደለም፣ ለማንም አይደለም። «መጨረሻ ሲደውል ‹እዚያው ቅር› አልኩት።»

ኦቦ ቱፋ «ያ ዋቃ» ብለው አምላካቸውን ጠሩ። ከዚያ ወደ ልጄ ዞሩ።

«ያ ማሽን ምን አለህ?»

«እንቅልፍ ጠግቧል አለኝ።»

«አንተ ዓይን የለህም?»

«አለኝ አባባ። ዓይኔ ደክሞታል ብሎኝ ነበር።»

ኦቦ ቱፋ የዓሣውን ሳህን ወደ ዳዊት ገፉለት። «ቀዘቀዘ፣ ብላ» አሉት። ልጄ ቆርሶ አፉ ውስጥ አደረገ፤ እንባው እላዩ ላይ ይወርዳል።

ጫልቱ ያኔ ነው የጮኸችው። እኔ ብዙ ለቅሶ ሰምቻለሁ፣ አልቃሽም ነበርኩ በጉብዝናዬ። እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም። አርባ ቀን ሙሉ ታፍኖ የቆየ ለቅሶ ነው። ጎረቤት ሁሉ እየሮጠ መጣ፤ ድንኳን የፈረሰበት ግቢ እንደገና የለቅሶ ቤት ሆነ፤ ሰው ገመቹን ገና ዛሬ የሞተ ያህል አለቀሰው።

እሑድ

እዚያው አደርን። ኦቦ ቱፋ የራሳቸውን አልጋ ለቀውልኝ እሳቸው ደጅ ሰሌን ላይ ተኙ፤ ብጨቃጨቅ «አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ዝም በይ» አሉኝ። ጠዋት ወፎቹ ሐይቁ ላይ ሲንጫጩ ሰማሁ። ደብረ ብርሃን ቢሆን ከቁሩ የተነሣ ወፍም ዘግይቶ ነው አፉን የሚከፍት።

ለአርባው ፍትሐት ወደ ቤተ ክርስቲያን ልንሄድ ስንነሣ ጫልቱ በር ላይ ቆማለች፤ ያው ቀይ ቀሚስ።

«ጥቁር የለኝም» አለችኝ። «አልገዛም ብዬ ነበር።»

ነጠላዬን አውርጄ አለበስኳት። ራሷ ላይ አስተካከልኩላት፣ ጫፉን ደረቷ ላይ አጣፋሁት። ቀይዋ ከሥር ትንሽ ትታያለች፤ ትታይ። ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ድረስ በሰፈሩ ሁሉ መሐል ቀና ብላ፣ ስሙን እየጠራች፣ እንደ ባለትዳር እያለቀሰች ሄደች። ተስፋዬ ከኋላ፣ ዳዊት ከኋላ፣ ኦቦ ቱፋ በመሐላቸው። እኔ ያለ ነጠላ ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ ሄድኩ፤ ጋቢ ደርቤ በላብ ስጠመቅ እመቤቴ ስቃብኝ ይሆናል።

ሰኞ

የሰፈሩ ልጆች መኪናዋን ከአሸዋው አውጥተውልን ነበርና ዳዊት ቃሊቲ ድረስ ሸኘኝ። አንድ ጆንያ ሽንኩርትና የደረቀ ዓሣ ከባቱ ሰጥተውኛል፤ ዓሣው አሁንም ደጄ ላይ ተሰቅሏል፣ ድመቶቹ ተሰብስበው ይጾሙበታል። ስንለያይ «ነገ ሁሉንም ለአለቆቹ እናገራለሁ» አለኝ።

ተናገረ። አለቆቹም ሰሙት። ለኦቦ ቱፋ ሰው ልከው ልጃቸው እንዳልሰከረ ነገሯቸው፤ ይህችን አልክድም። ከዚያ ግን ተስፋዬን አባረሩት። ካርዱንም አስቀሩት። አሁን ሾፌሩ መኪናውን የሚያስነሣው በጣቱ ነው፤ ማሽኑ ጣቱን ያውቀዋል። ለቅሶው ያው ሦስት ቀን ነው። «ከእንግዲህ መረጃው አይሳሳትም» አሉ አለኝ ዳዊት በስልክ። እውነታቸውን ነው፣ አይሳሳትም። ጣትን ለጓደኛ ትቶ እናት ለመቅበር አይኬድም።

ልጄ አሁን ጠዋት ጠዋት ግቢ ይወርዳል አሉ። ሻይ ይዞ በየመኪናው እየዞረ ዓይናቸውን ያያል። ሾፌሮቹ ሻዩን ይቀበሉታል፣ ከእሱ ጋር ግን አያወሩም።

ጫልቱ ትናንት ደወለችልኝ። «እማማ፣ ነጠላሽን በሰው ልላክልሽ?» አለችኝ።

«ምን ቸኮለሽ» አልኳት። «ዓመት ድረስ ልበሺው።»

ዛሬ ጠዋት ውርጭ ነበር። አንገቴ ላይ ብርድ ገባ። ዝም ብዬ አስገባሁት።